ለአንድ ነጂ ሁለት ዓረቦን?

ሁለት ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው (አንደኛው መቼም ከጋራዥ አይወጣም) በአንድ ጊዜ በሁለቱ ኮርቻ ሊቀመጥ አይችልም። ሆኖም በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቁጥር 799 ዋስትናውን ያሰረው ከነጂው ሳይሆን ከተሽከርካሪው ጋር ነውና፣ ለእያንዳንዱ ሞተር የየራሱ ዓረቦን ይከፈላል። «አንዱን አንተ፣ ሌላውን ወንድምህ ቢነዳውሳ?» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። መልሱ እውነትነት አለው፤ የተገጨ እግረኛ በነጂው ማንነት ምክንያት ካሣው ሊጓደልበት አይገባም። ነገር ግን ዋጋው የከበደው ባለ ሞተር አንዱን ያለ ዋስትና በስውር ቢነዳ፣ የሚጎዳው ያው እግረኛ አይደለምን? ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ባለቤቱ ሁለቱንም ብቻውን እንደሚነዳ በፊርማው ካረጋገጠ የሁለተኛው ዓረቦን ይቀነስለት። ቃሉን አፍርሶ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ግን ኩባንያው ለተጎጂው ሳያጓድል ከፍሎ ገንዘቡን ከባለቤቱ ያስመልስ።