የዞሳራ ምክር ወይስ የአቢግያ?



ላሊበላን የጎበኘ ሰው ከሚሰማቸው ትውፊቶች አንዱ የመርዙ ታሪክ ነው። በገድሉ እንደሚተረከው፣ ላሊበላ ገና ሳይነግሥ እኅቱ መርዝ ያለበት መጠጥ አቀረበችለት። ቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሞተ፤ ላሊበላ ግን ጠጥቶም ተረፈ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ የታሰበለት ሰው ስላልሞተ በእርሱ ላይ በደል አልተሠራም እንበል?

ብዙዎቻችን ጠብ በተነሣ ማግስት «ምን ሆነ? ሰው አልሞተ!» ብለን እናልፋለን። ሕጉ ግን አያልፍም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ አስቦ ወንጀል የጀመረ ሰው ከፍጻሜ ባያደርሰውም፣ ወይም እስከ መጨረሻው ሄዶ ያሰበው ባይሳካለትም፣ በሙከራ ጥፋተኛ ያደርገዋል (አንቀጽ 27)። ቅጣቱም መነሻው ሊፈጽም ያሰበው ወንጀል ቅጣት ነው፤ ፍርድ ቤት እንደ ሁኔታው ሊቀንስለት ይችላል። ማሰብ ብቻውን በሰው ፍርድ አያስቀጣም። በጌታ ፊት ግን ነገሩ የሚጀምረው ከልብ ነው (ማቴ. 5፥21-22)።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በላስታ ደጋ የእርሻ መሬት ጠባብ ነው፤ ድንበር ተገፋ ሲባል ደም ይፈላል። ባል ተቆጥቶ ይገባል፤ ዱላውን ወይም ጠመንጃውን ያያል። በዚያች ቅጽበት «አንተም ወንድ ሆነህ?» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች። በለቅሶ ቤትም ሙሾው ደም መላሽ የሚጣራበት ጊዜ አለ። እህቴ ሆይ፣ ሕጉ ይህንንም ያያል። በማግባባት፣ በስጦታ፣ በዛቻ ወይም በሌላ መንገድ አስቦ ሌላውን ወደ ወንጀል የገፋፋ ሰው፣ ወንጀሉ ቢያንስ ከተሞከረ ይቀጣል (አንቀጽ 36)። ጥይቱ ቢስትም እርሱ በግድያ ሙከራ፣ ገፋፊው በማነሳሳት ይጠየቃሉ።

የሐማ ሚስት ዞሳራ ከወዳጆቹ ጋር ሆና አምሳ ክንድ ግንድ እንዲያቆም መከረችው (አስ. 5፥14)። መርዶክዮስ አልተሰቀለበትም፤ የተሰቀለበት የገዛ ባሏ ነው (አስ. 7፥10)።

አቢግያን ደግሞ ተመልከቱ። ዳዊት አራት መቶ ሰው አስታጥቆ ወደ ናባል ቤት ጉዞ ጀምሯል። ሕግ አዋቂዎች «ዝግጅት ነው ወይስ ሙከራ?» ብለው ይከራከሩ ይሆናል፤ ለዚያ ቤት ግን ሞት መንገድ ላይ ነበረ። እርስዋ ሁለት መቶ እንጀራ አስጭና ወጣች፤ በትሕትና ተናገረች፤ ዳዊትም እግዚአብሔርን ባርኮ ተመለሰ (1ኛ ሳሙ. 25)። ሕጋችንም ለሚመለስ ሰው በር ትቷል። ጀምሮ በገዛ ፈቃዱ የተወ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት፣ ቅን ልቡና ከመለሰውም ከቅጣት ነጻ ሊሆን ይችላል (አንቀጽ 28)። ፖሊስ ደርሶበት የቆመ ሰው ግን በገዛ ፈቃዱ ተወ አይባልም።

ወንድሜ ሆይ፣ ይህን አንብበህ እንደ አዳም በሚስትህ አታሳብብ። የመታ እጅ የራሱን ዕዳ ይሸከማል። አንተም ወንድምህን ወይም ልጅህን «ዝም ትላለህ?» ያልህ ቀን ገፋፊ አንተ ነህ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቁጣ ሲገባ ውኃ አቅርቡ፤ ነገሩን ለማግስት አሳድሩት። ሽማግሌ ጥሩ። ዛቻው የምር ከሆነ ግን በሰውነታችሁ ልታግዱት አትሞክሩ፤ ከቤት ውጡና ለሚመለከተው ተናገሩ። የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ሰምቶ ዝም ባለማለቱ ከአርባ በላይ ሰዎች የዶለቱት ከሽፏል (ሐዋ. 23፥12-24)።

ዛሬ ማታ ባልና ሚስት አብራችሁ 1ኛ ሳሙኤል 25ን አንብቡና ተጠያየቁ፦ ስቆጣ የምትነግረኝ ቃል የዞሳራ ነው ወይስ የአቢግያ? መልሱን ይዛችሁ ጸልዩ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።