ሞተር በቀመር ብቻ አይዞርም



በሰሌዳ ላይ የሞተርን ፍጥነት መቆጣጠር ቀላል ነው። ከፖቴንሽዮሜትሩ የሚመጣውን ከ0 እስከ 5 ቮልት አርዱዊኖ ኡኖ ከ0 እስከ 1023 አድርጎ ያነበዋል፤ ይህን ለ4 አካፍለን፣ ከ0 እስከ 255 ባለው ልክ የሞተሩን ኃይል ቶሎ ቶሎ እናበራለን፣ እናጠፋለን። እውነተኛው ሞተር ግን በትንሹ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ሰበቃው ይይዘዋልና። ይህን የሚያስተምረው እጅ ነው።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ በሥራ ላይ ያሠለጥን ነበር። እኛስ ነገ ትክል ድንጋይ ሄደን የወፍጮ ሞተር ቆሞ ብናገኝ፣ ቀመር ልናነብለት ነውን? ስለዚህ ቤተ ሙከራው ማታም ይከፈትልን፤ እኛም ትራንዚስተር ማቃጠልን አንፍራ!