ያልተጻፈው መንገድ

መኪናን ያለ ሹፌር ለማስኬድ የሚደክሙ መሐንዲሶች ዛሬ አዲስ ደራሲ ቀጥረዋል፤ የቋንቋ ሞዴልን። «በዝናብ፣ ከቆመ አውቶቡስ ኋላ ልጅ ብቅ ይበል» ይሉታል። እርሱም ቃሉን ወደ ኮምፒውተር መመሪያ ይለውጠዋል፤ መኪናው በምናባዊ መንገድ ላይ ይፈተንበታል። ሰው ጥቂት ትዕይንት ጽፎ ሳይጨርስ እርሱ ብዙ ይደረድራል። ፍጥነቱን አልነቅፍም። የምነቅፈው «እንግዲህ ያልታሰበ አደጋ አይኖርም» የሚለውን ትምክህት ነው።

ይህ ደራሲ የሚያውቀው ሰዎች የጻፉትን ነው። ያልተጻፈውን ማን ይነግረዋል?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን መንገድ እንመልከት። ወደ ዶርዜ ስንቃረብ ልጆች ከመንገዱ ጠርዝ ይጨፍራሉ፤ ከታች ያለፍናቸው በአቋራጭ ዳገቱን ሮጠው በላይኛው ጥምዝ ይጠብቁናል። በጉም ውስጥ እንጨት የተሸከመች እናት ጎንበስ ብላ ትወርዳለች። ከተማው ውስጥም፣ በሲቀላና በሴቻ መካከል፣ ባጃጁ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል። ለጋሞ ሹፌር ይህ የዕለት ኑሮ ነው፤ በሩቅ አገር ጽሑፍ ለተኮተኮተ ሞዴል ግን እምብዛም የማያጋጥም ነገር ነው።

ጉዳዩ የሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018፣ በአሪዞና ቴምፒ ከተማ፣ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች በሌሊት መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጨ፤ ሞተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው መኪናው ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ አስቀድሞ አይቷታል። ሥርዓቱ ግን ከዜብራ ውጭ የሚያቋርጥ እግረኛ ይኖራል ተብሎ አልተሠራም ነበር፤ አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ሲያመነታ ጊዜው አለፈ። ከዜብራ ውጭ መሻገር በብዙ ቦታ በሕግ በሚያስቀጣበት አገር ይህ ከሆነ፣ ሰውና ከብት አንድ መንገድ በሚጋሩበት በጋሞስ ምን ይሆን?

«ያ መኪና አርባ ምንጭ መቼ ይደርስና?» የሚል አይጠፋም። እርሱ ሲደርስ ግን ፈተናው ቀድሞ አልቋል፤ «አልፏል» የሚል ወረቀትም ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ፈተና አውጪዎቹ ከሞዴሉ በፊት ሹፌሩን፣ እረኛውንና እንጨት ተሸካሚዋን ይጠይቁ። የብዕር ሰዎችም ድርሻ አለን። ስለ ጋሞ ሲጻፍ አባያና ጫሞ፣ የዶርዜ ሽመናም ይወሳሉ፤ ይገባቸዋል። መንገዱም ከነእግረኛው ይጻፍ። በላይኛው ጥምዝ የሚጠብቀው ልጅ በማንም ፈተና ውስጥ ሳይታሰብ መኪናው እንዳይደርስበት።