የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ጉዳይ ቢታሰብበት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በቅርቡ ተማሪዎቼን በአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለማስመዝገብ በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ተሰብስበን ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ገጽ ያለ ችግር ተከፈተ፤ ወደ መመዝገቢያው ስንሻገር ግን ብራውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ አገደን። ስልክ ደውዬ ብጠይቅ አንድ ትሑት ሠራተኛ «ግድ የለም መምህር፤ ከታች ያለውን ተጭነው ይለፉት፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እንደዚያ ነው» ሲሉ መለሱልኝ። እኔም አለፍሁ፤ አርባ ተማሪዎችም ተከትለውኝ አለፉ። ይህን የምጽፈው ስላፈርሁበት ነው።

የደኅንነት ሰርተፊኬት ሁለት ሥራ አለው። የሚላከው ቃል በመንገድ ላይ እንዳይነበብና እንዳይለወጥ ያደርጋል፤ ደግሞም የሚያነጋግረን ሰርቨር በእርግጥ የዚያ ስም ባለቤት መሆኑን ይመሰክራል። ያለ ሁለተኛው የፊተኛው ጥቅም የለውም፤ ምሥጢርን በሌባ ጆሮ እንደ ማንሾካሾክ ነውና። ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ የማይቀበል መዝገብ ቤት ያለው መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ያለ ማኅተም እለፍ ማለቱ ያስገርማል።

ዋናው ገጽ ደኅና ሆኖ መመዝገቢያው የታገደበት ምክንያት ቀላል ይመስለኛል። መሥሪያ ቤቶች ከተመዘገበው ስማቸው ፊት «ምዝገባ»፣ «ክፍያ» የሚል ቃል እየጨመሩ ሰብዶሜን ያበዛሉ። ለዋናው ስም የተሰጠ ሰርተፊኬት ግን ስማቸው በውስጡ ካልተጻፈ በቀር እነዚህን አይሸፍንም። በኮከብ ምልክት የሚጻፈው ዋይልድካርድ የሚባለው ሰርተፊኬት ሁሉንም በአንድነት ይሸፍናል፤ ነገር ግን አንድ ደረጃ ብቻ ነው። በ«ምዝገባ» ፊት ደግሞ «ፈተና» ቢጨመርበት አይደርስለትም። ከዚህም ሌላ አንዱ የምሥጢር ቁልፍ በአሥር ሰርቨር ላይ ከተገለበጠ፣ ጥበቃው ከላላው ከአንዱ የሰረቀ ሰው በአሥሩም ስም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ገንዘብና የሰው መታወቂያ የሚያልፍባቸው ገጾች ለየራሳቸው ሰርተፊኬትና ቁልፍ ቢኖራቸው እመርጣለሁ።

ማስጠንቀቂያን አለመናቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም በኢራን የሆነው ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር በተባለ የኔዘርላንድ ሰርተፊኬት ሰጪ ኩባንያ ውስጥ ሰርጎ ገቦች ገብተው በጉግል ስም፣ ያውም ኮከብ ያለበት፣ የሐሰት ሰርተፊኬት አወጡ፤ በኢራን ያሉ ሰዎች የጉግል ደብዳቤም በዚህ ተሰለለ። ነገሩ በይፋ የታወቀው አንድ የዚያ አገር ሰው የክሮም ብራውዘሩ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ንቆ ሳያልፍ ምን ማለት ነው ብሎ በመጠየቁ ነው። የኔዘርላንድ መንግሥት ራሱ የዚያው ኩባንያ ደንበኛ ስለ ነበረ የድረ ገጾቹን ሰርተፊኬት ለመለወጥ ተገደደ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ከሰረ። ያ ሰው እንደ እኔ ተጭኖ አልፎ ቢሆን ኖሮ ስለላው ስንት ጊዜ በቀጠለ!

በጀት የለም የሚለው ምክንያት አይሠራም። ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሰርተፊኬት በነፃ ይሰጣል፤ ባለ ኮከቡንም ከ2018 ጀምሮ። የሚያስቸግረው ቀኑ ሲያልፍ የሚያድሰው ሰው መጥፋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የሰርተፊኬት ሰጪዎችና የብራውዘር ሠሪዎች ውሳኔ መሠረት የሰርተፊኬት ረጅሙ ዕድሜ በ2026 ወደ 200 ቀን፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተደርጓል። እንግዲህ ዕረፍት የሚወጣ አንድ ባለሙያ በእጁ እያደሰ ሊዘልቀው አይችልም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲያድስ ማድረግ ግድ ነው።

ሰርተፊኬት ያለው ሁሉ እውነተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ አጭበርባሪም ለሚመሳሰል ስም ሊያወጣ ይችላልና ስሙን ፊደል በፊደል ማንበብ አይቀርም።

በማግሥቱ ለተማሪዎቼ ማጥፋቴን ነገርኋቸው፤ ማስጠንቀቂያ ባዩበት ገጽ የይለፍ ቃል እንዳይጽፉም አሳሰብኋቸው። አንዲት ተማሪ ተነሥታ «ታዲያ መምህር፣ ቀኑ ሳያልፍብን በየት በኩል እንመዝገብ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን የምጠብቀው ከመሥሪያ ቤቱ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ