ከበረንዳ ወደ ኪራይ ቤት፦ መጠለያ ብቻውን ለምን አይበቃም?

የመኸር ሥራ ሲያበቃ በርካታ ወጣት ወንዶች ከገጠር ቀበሌዎች ተነሥተው ወደ ከተሞች ያቀናሉ። አብዛኞቹ ጥቂት ወራት በቀን ሥራ አሳልፈው ጥሪት ይዘው ለመመለስ የሚያስቡ ናቸው። ሥራ የቀናው ለአንድ ሌሊት እየከፈለ በጋራ ክፍል ያድራል፤ ያልቀናው በመናኸሪያ ዙሪያና በሱቆች በረንዳ ላይ ይጋደማል። ለሳምንታት የታሰበው የበረንዳ ኑሮ ለአንዳንዶቹ ዓመታትን ያስቆጥራል። እነዚህን ሰዎች ከጎዳና ማንሣት አንድ ጉዳይ ነው፤ ራሳቸውን ችለው በተከራዩት ቤት እንዲኖሩ ማድረግ ደግሞ ረዘም ያለ ሌላ ሥራ ነው።

የችግሩ አንዱ ሥር ያለው በገጠር ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ ሕፃን የነበረ ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ወጣት ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አርሶ አደር መሬት በነጻ የማግኘት መብት አለው፤ ይሁንና የሚታደል ትርፍ መሬት በሌለበት ቀበሌ ወጣቱ ያለው ምርጫ የወላጆቹን ማሳ መካፈል፣ በእኩል አራሽነት መሥራት ወይም መሰደድ ነው። በየጊዜው የሚከሠቱ ግጭቶችና የኑሮ ውድነትም ስደቱን ያባብሱታል።

ከተማ የገባው ወጣት የሚጠብቀው ፈተና ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም። ቀጣሪ መታወቂያና ተያዥ ይጠይቃል። የከተማው ቀበሌ መታወቂያ ለመስጠት የመኖሪያ አድራሻና ከቀድሞው ቀበሌ የተጻፈ መሸኛ ይፈልጋል። አከራይም መታወቂያና ቅድሚያ ክፍያ ይላል። አድራሻ የሌለው መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ የሌለው ቋሚ ሥራ አያገኝም፤ ቋሚ ሥራ የሌለው ቤት አይከራይም። በዚህ ላይ በረንዳ የሚያድር ሰው በቀን ያገኛትን ብር የሚያስቀምጥበት ስለሌለው በዕለቱ ያጠፋታል፤ ልብሱና የሥራ መሣሪያው በሌሊት ይሰረቃል፤ ሲታመምም የሚያስታምመው የለም።

እስካሁን የሚዘወተሩት መፍትሔዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የጎዳና ተዳዳሪዎችን ሰብስቦ ወደ መጡበት መመለስ ነው። ያሰደደው ምክንያት ሳይቀየር የተመለሰ ሰው ግን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ሁለተኛው መጠለያ ነው። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ረዳት የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በመንከባከብ ከባድ ሸክም ተሸክመዋል። ጉልበት ያለው ጎልማሳ የሚሻው ግን የዕድሜ ልክ እንክብካቤ ሳይሆን መሸጋገሪያ ነው።

በዚህ ረገድ የፊንላንድ ልምድ በስፋት ይጠቀሳል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረችው መርሐ ግብር ቤትን የመጨረሻ ሽልማት ሳይሆን የመጀመሪያ እርምጃ አድርጎታል። ቤት አልባው ሰው መጀመሪያ የኪራይ ውል ፈርሞ የራሱን ክፍል ይይዛል፤ የኪራይ ድጎማ እየታገዘ ይከፍላል፤ የድጋፍ ሠራተኞች ደግሞ በሕክምና፣ በሥራ ፍለጋና በገንዘብ አያያዝ ያግዙታል። ብዙ አልጋ የተደረደረባቸው የሌሊት ማደሪያዎችም ወደ መኖሪያ ክፍሎች ተለውጠዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ17 ሺህ በላይ የነበረው የቤት አልባዎች ቁጥር በ2023 ወደ 3 ሺህ 429 ወርዷል። በ2024 የመኖሪያ ቤት ድጎማው ሲቀነስ ቁጥሩ ወደ 3 ሺህ 806 ከፍ ማለቱ ደግሞ ድጋፉ ሲላላ ውጤቱም እንደሚላላ የሚጠቁም ነው።

ኢትዮጵያ የፊንላንድን ያህል በጀት የላትም። ቅደም ተከተሉን ለመውሰድ ግን የሚያግዝ መነሻ አላት። በ2009 ዓ.ም በ11 ከተሞች የተጀመረውና ከክልሉ ደሴን ያቀፈው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል፤ ኑሯቸውን በጎዳና ያደረጉ ወገኖችን መልሶ ማቋቋምም ከሥራዎቹ አንዱ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። የጎደለው በመጠለያውና በኪራይ ቤቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው፤ ይኸውም በር የሚቆለፍበት ክፍል፣ መታወቂያ የሚያስጨርስ ባለሙያ፣ ተያዥ የሚሆን ተቋም እና ከደመወዝ ጥቂት የሚቆጠብበት ጊዜ።

የከተማ ነዋሪዎች ቅሬታም ችላ ሊባል አይገባም። ቤተሰብ ይዘው በኪራይ የሚንገላቱ ባሉበት ከተማ ለመጤው ክፍል መስጠት ፍትሐዊ ነው ወይ? ብዙዎችንስ ወደ ከተማ አይስብም ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። መልሱ በአሠራሩ ውስጥ መገኘት አለበት፦ የቆይታ ጊዜው ተወስኖ፣ ነዋሪው ከገቢው እያዋጣ፣ ክፍሉም ለተረኛ እየተለቀቀ ሲሄድ ድጋፉ የማያልቅ ድጎማ አይሆንም። በረንዳ የሚያድር ሰው መታመሙና ለወንጀል መጋለጡ ከተማዋን ዛሬም እያስከፈላት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የገጠሩም ድርሻ ቀላል አይደለም። ወጣቱ ከቀበሌው ሲነሣ መሸኛውን ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የወራት መጉላላትን ግን ያስቀራል። አድራሻ ያለው ልጅ ለማዳበሪያ ገንዘብ ይልካል፤ በአጨዳ ወቅትም ለቤተሰቡ ይደርሳል። አድራሻ ያጣው ግን በኀፍረት ከቤተሰቡ ይቆራረጣል።

ስለዚህ የመጠለያዎች ስኬት በአልጋ ብዛት ወይም በአንድ ሌሊት ከጎዳና በተነሡ ሰዎች ቁጥር ሊለካ አይገባም። ትክክለኛው መለኪያ ከዓመት በኋላ በራሱ ስም ውል ፈርሞ፣ ከራሱ ገቢ ኪራይ እየከፈለ የሚኖረው ሰው ቁጥር ነው። ለመጠለያ በጀት የሚመድቡ አስተዳደሮች ይህን ቁጥር መዝግበው ለሕዝብ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።