ግዴታው በአንድ ቀን፣ አገልግሎቱ «በሂደት»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ዶሮዋ ሦስት ሳምንት ታቅፋው ነው። ማንም ያልታቀፈው እንቁላል ቀስ በቀስ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይገማል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚሰማው መልስ «በሂደት ይስተካከላል» የሚል ነው። ቻርጅ ማድረጊያው በሂደት፣ መካኒኩ በሂደት፣ ሶፍትዌሩም በሂደት። ይህን ሂደት የታቀፈው ማን እንደሆነ ግን የሚናገር የለም።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ (ዶ/ር) ጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ክልከላ በማውጣት ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። አገሪቱ በዓመት ለነዳጅ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንደምታወጣ በወቅቱ ተነግሯል፤ ዶላሩ ደግሞ የለም። በሌላ በኩል የራሷ ኃይል አላት፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ነው። ስለዚህ የአቅጣጫው ትክክለኛነት አያከራክርም። የሚያከራክረው ቅደም ተከተሉ ነው።

የዛሬ መኪና ጎማ ያለው ኮምፒውተር ነው። ድሮ መካኒክ ካርቡራቶር ከፍቶ፣ ካንዴላ ነቅሎ፣ የሞተሩን ድምፅ በጆሮው እየሰማ ያስተካክል ነበር። በኋላ ኮምፒውተር መጣ፤ እሱንም ተማረው። በርካሽ የመመርመሪያ መሣሪያ የቶዮታን ኮድ ያነባል፣ ስህተቱን ያጠፋል፣ ሞተሩን ይቃኛል። ይህን ያስቻለው አንድ ሕግ ነው። አሜሪካ ከ1996፣ አውሮፓ ደግሞ ከ2001 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የቤንዚን መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬትና ቋንቋ እንዲኖራቸው አስገደዱ። ሕጉ የወጣው ግን የጭስ ብክለትን ለመቆጣጠር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ የባትሪውን ምስጢር የሚናገረውም በአብዛኛው በአምራቹ ፕሮግራም በኩል ብቻ ነው። የከሚሴው መካኒክ የነበረው መሣሪያ አዲሱ መኪና ላይ ሲሰካ አንድም ዝም ይላል፣ አንድም ግማሹን ብቻ ይናገራል።

አምራቾቹ ራሳቸው ከአንዱ የሶፍትዌር ዕትም ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ እንዴት ያደርጋሉ? አዲሱን ዕትም መጀመሪያ ለጥቂት መኪኖች ይልካሉ። ችግር ካለ ያቆማሉ፤ ያርማሉ፤ ከዚያ ቁጥሩን ያሰፋሉ። የቀረው ባለመኪና ይጠብቃል፤ እየጠበቀም በአሮጌው ዕትም ይነዳል። ችግር እዚያም አይጠፋም። ቮልስዋገን በ2020 አይዲ 3 የተባለውን መኪና ሶፍትዌሩ ሳይጠናቀቅ ለደንበኞች ማስረከብ ጀምሮ ብዙ ተተችቷል። ቢሆንም ደንበኛው የሚከሰው ሻጭ፣ መኪናውን የሚወስድበት ጋራዥ፣ የሚጠብቀው ዕትም ነበረው። የእሱ መጠበቅ ባለቤት ነበረው።

አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው አይዲ 6 ግን ሌላ ታሪክ ነው። ይህ መኪና የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። የስክሪኑ ቋንቋ ቻይንኛ፣ የሞባይል መተግበሪያው ቻይና ውስጥ ላለ ደንበኛ የተዘጋጀ፣ አዲስ ዕትም የሚላክለትም ከቻይና ኔትወርክ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚነዳ ሰው «አዲሱ ዕትም ይደርሳል፣ ጠብቅ» ማለት አውቶቡስ በማያልፍበት መንገድ ፌርማታ ላይ እንዲቆም መንገር ነው።

ሌላም አለ። ክልከላው ሲታወጅ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአብዛኛው ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት የሚታደስ መኪና ግዴታ የሆነው ክልሉ ከኢንተርኔት ውጭ በሆነበት ወር ነው።

አሁን ከሚሴን እንደ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በደሴ መንገድ ላይ። ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማበርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ባትሪውን ትንሽ ይሞላል፤ መልሱ ግን ያንን ሁሉ ዳገት መውጣት ነው። ቻርጅ ማድረጊያዎቹ ደግሞ በብዛት የተተከሉት አዲስ አበባ ነው። ለባቲ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ፣ ከሰንበቴ በሽተኛ ወደ ኮምቦልቻ የሚያደርስ ሹፌር መኪና ልግዛ ቢል የሚቀርብለት ምርጫ ሁለት ነው፦ በመንገዱ የማይተማመንበት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ወይም አዲስ ስለማይገባ ዋጋው የማይቀመስ አሮጌ ቪትዝ።

መኪናውስ ቢበላሽ? የመንገድ ዳሩ ጎሚስታ ጎማውን ይጠግናል። መካኒኩ ፍሬኑን ያያል። ከ300 ቮልት በላይ የተሸከመውን ባትሪ ግን ሳይሠለጥን ቢነካው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስክሪኑ ላይ በቻይንኛ የሚበራው ማስጠንቀቂያም አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ አንባቢ ለሆነ ሰው ከጌጥ አይለይም።

የሚቀርበው ክርክር ይታወቃል። «ማንኛውም አዲስ ነገር ከዋና ከተማ ይጀምራል፤ መብራቱም ስልኩም እንደዚያ ነበር፤ ከሚሴም ተራዋ ይደርሳል» ይባላል። ጥሩ ክርክር ነው፤ ግን ግማሹን ይረሳል። መብራት በየተራ ሲገባ፣ ያልደረሰው ከተማ ኩራዙን እንዲያጠፋ አልታዘዘም። ስልክ ሲመጣ ደብዳቤ አልተከለከለም። እዚህ ላይ የተደረገው ተቃራኒው ነው። ክልከላው ቦሌና ዳዋ ጨፋ እኩል፣ በአንድ ቀን ደረሰ። አገልግሎቱ ግን «በሂደት» ሆነ። ደረጃ በደረጃ የሚባል ሽግግር ግዴታውና አገልግሎቱ እኩል የሚራመዱበት ነው፤ አንዱ ሮጦ ሌላው ቁጭ ካለ ሽግግር አይባልም።

መፍትሔው ክልከላውን መቅደድ አይደለም። ለሂደቱ ባለቤትና ቀን መስጠት ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ደሴ ቻርጅ ማድረጊያ የት የት፣ መቼ እንደሚተከል በይፋ ይነገር። አስመጪ መኪና ሲያስገባ የመመርመሪያውን ፕሮግራም፣ የሚነበብ ቋንቋና የሶፍትዌር ዕድሳት የሚገኝበትን መንገድ አብሮ ያቅርብ፤ ካላቀረበ አይግባ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከስላይድ ይልቅ በእውነተኛ መኪና ያሠልጥኑ። አገልግሎቱ ያልደረሰባቸው አካባቢዎች ደግሞ እስኪደርስ ድረስ የተወሰነ ፈቃድ ያግኙ፤ ቻርጅ ማድረጊያው በተተከለ ቁጥር ፈቃዱ ይጥበብ። አምራቾቹ ለአንድ ሶፍትዌር የሚያደርጉትን ጥንቃቄ መንግሥት ለዜጋው ቢያደርግ ምን ይከብደዋል?

የከሚሴ ሰው መጠበቅ ያውቃል። ዝናብ ይጠብቃል፤ ገበያ ይጠብቃል። ዝናቡ ወር አለው፤ ገበያውም ቀን አለው። ሂደቱም ቀኑ ይነገረው።