ዝቅተኛውን ዋጋ የመረጡት ዳኛ ልክ ነበሩ

«ጨረታ ነው፤ ብዙ የከፈለ ይወስዳል፤ ምን ክርክር አለው?» የሚል ሰው በየቦታው አለ። ለአሮጌ ወንበርና ለተበላሸ ፍሪጅ ልክ ነው። ገና ነፍስ ላለው ድርጅት ግን ልክ አይደለም። ማስረጃ የማደርገው ከእኛ ርቆ የተፈጸመ ነገር ነው፤ የአንድ የከሰረ የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ሊግ ሽያጭ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በጃንዋሪ 2004 መጨረሻ፣ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ፣ ኪሳራ የሚዳኝ ፍርድ ቤት ውስጥ ሁለት ዋጋ ቀረበ። አንዱ 13.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ሌላው 3.2 ሚሊዮን ገደማ። ዳኛው ፍራንክ ኦቲ ዝቅተኛውን መረጡ። ላይ ላዩን ሲታይ አስር ሚሊዮን ዶላር ሜዳ ላይ የጣለ ውሳኔ ነው። እኔ ግን ዳኛው ልክ ነበሩ ባይ ነኝ።

የተሸጠው ምን ነበር? ካርት የሚባለው ሊግ። በ1979 ውድድር የጀመረው የቡድን ባለቤቶች ተሰባስበው ባቋቋሙት ማኅበር ነው። በ1993 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑ ናይጄል ማንሴል ፎርሙላ ዋንን ትቶ መጥቶ ዋንጫውን የወሰደው እዚህ ነው። በ1998 ሊጉ ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ፤ አንዱ አክሲዮን በ16 ዶላር ተሸጠ። በ2003 ገዢዎች ለአንዱ አክሲዮን ያቀረቡት ዋጋ 56 ሳንቲም ነበር።

በመሃል ምን ሆነ? ጠብ። ቤተሰቡ በወቅቱ የኢንዲያናፖሊስን የውድድር ሜዳ ይዞት የነበረው ቶኒ ጆርጅ በ1996 የራሱን ሊግ ጀመረ፤ ታዋቂውን ኢንዲ 500ም ይዞ ሄደ። ከዚያ ትልልቅ ቡድኖች፣ ሆንዳና ቶዮታም ጭምር፣ ተራ በተራ ተከተሉት። ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ፤ ስፖንሰሩ ሸሸ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው፤ እዚህ ሣሩ መካኒኩ፣ ትንሹ ቡድንና ውድድሩን የሚያስተናግደው ከተማ ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ተጫራቾች እንመለስ። 3.2 ሚሊዮን ያቀረቡት ካልኮቨን፣ ፎርሳይትና ጀንቲሎዚ የተባሉ ሦስት የቡድን ባለቤቶች ናቸው። ሊጉን እናስቀጥላለን፣ ከአዘጋጆች ጋር የተገቡትን ውሎችም እንረከባለን አሉ። 13.5 ሚሊዮን ያቀረበው ያው ተቀናቃኙ ሊግ ነው። የሚፈልገው የተመረጡ ንብረቶችን እንጂ ሊጉን ማስቀጠል አልነበረም።

ታዲያ የአስር ሚሊዮኑ ልዩነት የምን ዋጋ ነው? በእኔ አስተያየት የዕቃው ዋጋ አይደለም። ተፎካካሪን ገዝቶ የመዝጋት ዋጋ ነው። አንድ ንብረት ከሚሠራበት ይልቅ ለሚዘጋው ሰው ይበልጥ ውድ ሲሆን፣ «ገበያው ፈረደ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ገበያውን ራሱን ለመግዛት የቀረበ ገንዘብ ነውና።

«ገንዘብ ያበደሩት ሰዎችስ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ናቸውና በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ሊጉ ቢዘጋ ውላቸው የፈረሰባቸው አዘጋጆችም ካሳ ፈላጊ ሆነው ያንኑ ወረፋ ይይዙ ነበር። ካዝናው ሲሞላ ጠያቂውም ይበዛል። ገቢውን ብቻ ቆጥሮ አዲሱን ዕዳ አለመቁጠር የሒሳብ ስህተት ነው።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ከባድ ነው፦ «ሊጉ ከአራት ዓመት በኋላ ሞተ አይደለም እንዴ?» አዎ፣ ሞተ። በ2008 መጀመሪያ ኪሳራ አስታውቆ ከተቀናቃኙ ጋር ተቀላቀለ። ግን ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። በ2004 ቢዘጋ፣ ሎንግ ቢች ከተማ ሦስት ወር ያልሞላው ጊዜ የቀረውን የኤፕሪል ውድድሯን አደጋ ላይ ትጥል ነበር። ውድድሩ ተካሄደ። ከዚያ ወዲያ አራት ሙሉ የውድድር ዓመት ተሮጠ፤ ፈረንሳዊው ሰባስቲያን ቡርዴ አራቱንም ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። አራት ዓመት ለመካኒክ የአራት ዓመት ደመወዝ ነው። ውህደቱ ሲመጣም የሎንግ ቢች ውድድር በኤፕሪል 2008 በአሮጌዎቹ መኪኖች ተካሂዶ ነጥቡ በአዲሱ ሊግ ተያዘ።

ዕቃ ብቻ ሲሸጥ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ከዚያ በኋላ የሆነውን ይመልከት። ፓኖዝ ዲፒ01 የምትባለው መኪና በ2007 አዲስ የገባች ናት። አንድ የውድድር ዓመትና አንድ ውድድር ሮጣ ሊግ አልባ ሆነች። ሞተሩ ደህና፣ ጎማው ደህና፤ የምትወዳደርበት ደንብ ግን የለም። የእሽቅድምድም መኪና ዋጋው ያለው በብረቱ ሳይሆን በደንብ መጽሐፉ ነው። ደንቡ ሲሞት መኪናዋ የሳሎን ጌጥ ትሆናለች። የሊጉ የታሪክ መዝገብ ለቀድሞ ተቀናቃኙ ሄደ፤ የቀረው ዕቃ በጨረታ ተበተነ።

ኤ1 ግራንድ ፕሪም አለ፤ አገሮች በብሔራዊ ቡድን የሚወዳደሩበትና በደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ጎዳናዎች ላይ ጭምር የሮጠው። በ2009 እንግሊዝ ያለው ኩባንያው እንዲፈርስ ሲወሰን መኪኖቹ ተያዙ። በጥቅምት አውስትራሊያ ጎልድ ኮስት ላይ ሊካሄድ የነበረው ውድድሩ መኪኖቹ ስላልተለቀቁ ቀረ። ሜዳው ዝግጁ፣ ሾፌሩ ዝግጁ፣ መኪናው መጋዘን ውስጥ።

እኛስ? በአገራችን አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። የጋዜጦቻችን የሐራጅ ገጽ በፋብሪካና በማሽን ዝርዝር ይሞላል፤ መነሻ ዋጋው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል። ስንት ሠራተኛ እንዳለውና ማን ምርቱን እንደሚጠብቅ አይጻፍም። ባንክ የሕዝብ ተቀማጭ ነው የሚያበድረው፤ ገንዘቡን ማስመለስ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ግን አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የተቸገረ ድርጅት ከመፍረሱ በፊት መልሶ የሚደራጅበትን መንገድ ከፍቷል። መንገዱ ካለ፣ ሐራጁ የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ እርምጃ ይሁን።

የምጠይቀው ይህን ነው። የሚሠራ ድርጅት ለጨረታ ሲቀርብ «ስንት ሰጠ?» ከሚለው ጎን «በማግሥቱ ምን ሊያደርግበት ነው?» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ተጫራቹም በጽሑፍ ይመልስ፤ መልሱም ነጥብ ይሰጠው፤ ካሸነፈም የውሉ ግዴታ ይሁን። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው በማመልከቻ ቅጹ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመርና መልሱን የሚከታተል ሰው ነው።